ጉድጓዱን የዘጋንበት ረመዳን

አዲስ አበባ ሳለሁ ሥራዬ ውሃ ማከፋፈል ነበር። የሚበቃ ነገር ማከፋፈል ቀላል ነው፤ እኔ የማከፋፍለው ግን የማይበቃውን ነበር። ለዚህኛው ሰፈር ማክሰኞና ዓርብ፣ ለዚያኛው ሰኞና ሐሙስ እያልኩ ተራ አወጣለሁ። ቤቴ ስገባ ጎረቤቶቼ ባዶ ጀሪካን በራቸው ላይ ደርድረው «ምነው፣ የኛን ሰፈር ረሳሽው እንዴ?» ይሉኛል። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ማግስት ታናሽ ወንድሜ ከመንገድ ታፍሶ ተወሰደ። ሲፈታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሁለታችንም ከአገር እንድንወጣ ወሰነ። እሱ በሱዳን በኩል ሄደ። እኔ ባለቤቴ ቀድሞኝ ገብቶ አውቶቡስ ወደሚነዳበት ወደ ሎንደን መጣሁ።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ቢሮ በማጽዳትና ሽማግሌዎችን በመንከባከብ አሳለፍኳቸው። ሃርልስደን የሚባል ሰፈር ቤት ተከራየን፣ ሴት ልጃችን ተወለደች። እሷ ትምህርት ቤት ስትገባ እኔም ወደ ትምህርት ተመለስኩ። የምህንድስና ዲግሪዬን እዚህ አገር እንዲቆጥሩልኝ ብዙ ተመላለስኩ። ሥራ አፕላይ አደርጋለሁ፣ «እናመሰግናለን፣ ግን» የሚል መልስ ይመጣል፣ እንደገና አፕላይ አደርጋለሁ። ባለቤቴ «አንቺ እኮ እንቢ ሲሉሽ የምትበረቺ ሰው ነሽ» ይለኝ ነበር። መበርታት እንኳን አልነበረም። ሌላ የምችለው ሙያ ስላልነበረኝ ነው።

በመጨረሻ ፊንስበሪ ፓርክ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በላይ ያለ ትንሽ መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። አለቃው ሸምገል ያሉ እንግሊዛዊ ናቸው። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ እስከ ዛሬ አንቱ እላቸዋለሁ። የምስክር ወረቀቴን ገለጥ ገለጥ አደረጉና ወደ ጎን አስቀመጡት።

«ውሃው ለሁሉም አልበቃ ቢል፣ ከምን ትጀምሪያለሽ?» አሉኝ።

«ለሰዉ በመንገር» አልኳቸው። «ሰው ውሃው የሚመጣበትን ሰዓት ካወቀ ይታገሣል። ካላወቀ ቧንቧውን ይሰብረዋል።»

ሳቁ። በሳምንቱ ሥራ ጀመርኩ።

ሥራው የአንዲት ትንሽ ደሴት አገር ውሃና ፍሳሽ ነበር። ስሟን አልጠራም። ህንድ ውቅያኖስ ላይ ያለች፣ ወንዝም ተራራም የሌላት አገር ናት። ዝናብ ሲዘንብ አሸዋው ይመጠዋል። የዝናቡ ውሃ ከባሕሩ ውሃ ስለሚቀል ከጨዋማው በላይ ተንሳፍፎ መሬት ውስጥ ይቀመጣል። ሕዝቡ የሚጠጣው እሱን ነው። ከመጠን በላይ ከሳቡት ከሥሩ ጨው ይመጣል። የሽንት ቤት ጉድጓድ የሚቆፈረውም እዚያው አሸዋ ላይ ነው። እዚያ አገር የሚጠጣውና የሚደፋው ጎረቤታሞች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው አጥር አሸዋ ብቻ ነው።

የደሴቷ መንግሥት አገልግሎቱን አብረን እንድናስተዳድር ከመሥሪያ ቤታችን ጋር ተዋውሎ ነበር። እኔ ከሎንደን የፓምፖቹንና የታንከሮቹን ሁኔታ በኮምፒውተር እከታተላለሁ፣ የትኛው ፓምፕ መቼ እንደሚያርፍ ዕቅድ አወጣለሁ። እዚያ ደግሞ የአገሩ ተወላጅ የሆነ ሥራ አስኪያጅ አለ። በዕድሜ ከኔ ያንሳል፣ እንግሊዝኛው ከኔ ይሻላል። ረጋ ብሎ ነው የሚናገረው። በሁለተኛው ቀን ስሜን ሰምቶ «ሙስሊም ነሽ እንዴ?» አለኝ። «አልሐምዱሊላህ» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ያለ ሰላምታ ንግግር ጀምሮ አያውቅም፤ የሚጠራኝም «እህቴ» እያለ ሆነ።

ልጄ ትምህርቷን ልትጨርስ በተቃረበችበት ዓመት፣ ረመዳን በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት ያለ ሰዓቱ ደወለ። ሰላምታው አጠረብኝ።

«እህቴ፣ የምሥራቁ ጉድጓድ ምርመራ መጣ። ቆሻሻ ገብቶበታል።»

«የምን ቆሻሻ?»

«የሰው።»

የምሥራቁ ጉድጓድ የዋና ከተማዋን እኩሌታ የሚያጠጣ ነው።

«ክሊኒኩን ጠይቀሃል?» አልኩት።

«አሁን ከዚያ መምጣቴ ነው። የሕፃናቱ ክፍል ሞልቷል። ሁሉም ተቅማጥ ነው። ሐኪሟ ጨውና ስኳር በጥብጡ እያለች እናቶቹን ትልካለች፤ እናቶቹ የሚበጠብጡት ግን በእኛው ውሃ ነው።»

ስልኩን ዘግቼ በቀጥታ አለቃዬ ዘንድ ሄድኩ።

በዚያው ቀን ከሚኒስቴሩ አንድ ባለሥልጣን ጋር በስልክ ተሰበሰብን። አለቃዬ፣ እኔ፣ ሥራ አስኪያጁና ሰውዬው ነበርን። ሰውዬው ድምፁ ለስላሳ ነው። ክሎሪን እንድንጨምር፣ ኢድ እስኪያልፍም ለሕዝቡ ምንም እንዳንናገር ፈለገ። በበዓል ሰሞን እንግዳ ይመጣል፣ ዘመድ ከውጭ ይገባል፣ አገር ይታማል አለ።

«ክሎሪን እንጨምራለን» አልኩት። «ግን ፍሳሹ ከየት እንደሚገባ አናውቅም፣ ምን ያህል እንደሚገባም አናውቅም። ስንጨምር ፍሳሹ እየቀደመን ቢሄድስ? ጉድጓዱ መዘጋት አለበት። ለሰዉም ዛሬውኑ መነገር አለበት።»

«እመቤት፣ እርስዎ ያሉት ሎንደን ነው» አለኝ።

«ጌታዬ፣ ሕፃናቱ ያሉት ግን እዚያ ነው።»

አለቃዬ የኛን ድምፅ ዘጉትና ወደ እኔ ዞሩ። «ውሉ የሚታደስበት ጊዜ ቀርቧል፤ ይኼን ታውቂያለሽ» አሉኝ።

«አውቃለሁ።»

«ዝጉ ማለትሽ እርግጠኛ ሆነሽ ነው?»

«ነኝ።»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። ከዚያ ድምፁን ከፈቱና ለሰውዬው፣ የመሥሪያ ቤታችን ምክር ጉድጓዱ እንዲዘጋ ነው፣ ሌላ ምክር የለንም፣ ምክሩን ላለመቀበል ከፈለጋችሁ ኃላፊነቱን በስማችሁ ውሰዱ አሉት። ሰውዬው ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። ስሙን እዚያ ጉዳይ ላይ ማኖር የፈለገ አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ ያን ዕለት ከቀትር በኋላ፣ ከአስር ሶላት በፊት፣ መዝጊያውን አጠበቀው።

ቤት ስደርስ ልጄ ነገሩን ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«ማሚ፣ ሲሪየስሊ? ሰዎቹ ምን እየጠጡ እንደሆነ እንዳይነገራቸው ፈልጎ ነበር?»

«ፈልጎ ነበር።»

«ዛትስ ክሬዚ። አንቺ ምን አልሽው?»

«ዝጉ አልኩ።»

በእንግሊዝኛ «ጉድ» አለችኝና ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። ከእሷ አፍ ከዚህ በላይ ሙገሳ አይወጣም።

መዝጋቱ ቀላሉ ነበር። ከባዱ በቀረው ግማሽ ውሃ ሙሉ ከተማ ማጠጣት ነው። የቀረንን የምዕራቡን ጉድጓድ አብዝተን ብንስብ ጨው ይመጣብናል፣ ያኔ ሁለቱንም እናጣለን። ስለዚህ ከተማዋን በሰፈር ከፋፍዬ ተራ አወጣሁ። የሚነገረውም በመስጊዶቹ ድምፅ ማጉያ፣ ሰዉ ለሶላት ሲሰበሰብ እንዲሆን ተስማማን። ውሃ ቀድቶ ማስቀመጥ ለማይችሉ አቅመ ደካሞች መንገድ ዳር ታንከር አቁመን ቦኖ ገጠምንለት። ትምህርት ቤቱ ከጣሪያው ያጠራቀመው የዝናብ ውሃ ስለነበረው እሱ ለክሊኒኩ ብቻ እንዲሆን ተደረገ።

የመጀመሪያው ቀን ተበላሸ። ለደቡቡ ሰፈር ስንከፍት ለዋናው ቧንቧ ቅርብ የሆኑት ቤቶች በርሜሉንም፣ ባልዲውንም፣ የልብስ ማጠቢያውንም ሁሉ ሞሉ። ጫፍ ያሉት ጋ አንድ ጠብታ አልደረሰም። ቀኑ ሲመሽባቸው የጫፍ ሰፈር ሰዎች የውሃ ቢሮው በር ላይ ተሰበሰቡ። እኔ ፊንስበሪ ፓርክ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ነበርኩ። ከመስኮቴ በታች አውቶቡሶች እየዞሩ ሰው ያወርዳሉ። ከስልኩ የምሰማው ግን የማላውቀው ቋንቋ ጩኸት ነው።

«እህቴ፣ የምሥራቁን ልክፈተው» አለኝ ሥራ አስኪያጁ። «ለማጠቢያ ብቻ ነው፣ አትጠጡት ብዬ እከፍተዋለሁ።»

«አትክፈት።»

«ሰዎቹን አታያቸውም እኮ!»

«አላያቸውም። ግን አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ሰልፍ ፊት ቆሜ አውቃለሁ። የተጠማ ሰው ‘ለማጠቢያ ብቻ’ የተባለውን ውሃ ይጠጣዋል። አንተም ብትሆን ትጠጣዋለህ። አትክፈት። ነገ ከጫፍ እንጀምራለን። የቅርብ ቤቶቹን መዝጊያዎች ስንዘጋ ውሃው መጀመሪያ እነሱ ጋ ይደርሳል፣ የቅርቦቹ በመጨረሻ ያገኛሉ። አሁን ወጥተህ ይኼንኑ ንገራቸው።»

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ዛሬ ጠዋት ክሊኒኩ ውስጥ አንድ ሕፃን ሞቷል» አለኝ። «አልነገርኩሽም።»

ምን እንዳልኩት አላስታውስም። ስልኩን ሳይዘጋ ወጣ። ለሰዉ ሲናገር ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይገባኝም። ጩኸቱ መጀመሪያ ባሰ፣ ቀጥሎ ዝቅ አለ፣ በመጨረሻ ጠፋ። ሲመለስ፣ «ስለ ሕፃኑ ነገርኳቸው። ጉድጓዱ ለምን እንደተዘጋ አሁን ገባቸው» አለኝ። «ነገ ከጫፍ እንደምንጀምርም ነገርኳቸው። ካልጀመርን እንዳልመጣ ብለውኛል።»

በማግስቱ ከጫፍ ጀመርን። ውሃው ደረሰ።

ተራው መስመር ሲይዝ ወደ ዋናው ጥያቄ ተመለስን፤ ፍሳሹ ከየት ነው የሚገባው? በጉድጓዱ ዙሪያ ያሉት ቤቶች ሽንት ቤቶች ውስጥ ጉዳት የማያደርስ አረንጓዴ ቀለም እየደፉ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ብቅ ይል እንደሆነ እንዲያዩ አደረግን። አንዱ ቤት ይደፋል፣ ይጠበቃል። ካልታየ ወደሚቀጥለው ቤት ይኬዳል። ትዕግሥት የሚያስጨርስ ሥራ ነው። አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ደወለልኝ።

«ቀለሙ ወጣ» አለኝ።

«ተመስገን! የማን ቤት ነው?»

ልጽፈው ብዕር አነሳሁ።

«የአባቴ» አለኝ።

አባቱ የድሮ መርከበኛ ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ከውሃው ጉድጓድ አጥር አጠገብ ቤት ሠርተው ነበር። በዚያን ጊዜ አትሥራ የሚል ሕግ አልነበረም። ልጃቸው ሠራተኞች ልኮ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ እንዲደፈን ሲያስነግራቸው የግቢያቸውን በር ዘጉ። ከዚያ ወዲያ ከልጃቸው ጋርም አልነጋገር አሉ።

«ሕግ አሁን አለን። ፖሊስ መላክ እችላለሁ» አለኝ። «ግን በአባቴ ላይ ነው? በረመዳን?»

ይህን ያለኝ ቅዳሜ ቀን ነው። እቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነኝ፣ ስልኩን ስኒ አስደግፌ በምስል እናወራለን። ባለቤቴ ለማፍጠሪያ የሚሆን ሽንኩርት እየከተፈ ሁሉንም ይሰማል። ቢላውን አስቀመጠና እጁን አበሰ።

«እስቲ አንዴ ስጪኝ» አለኝ።

ባለቤቴ ሰው ሲጣላ ማየት የማይችል ሰው ነው። በሥራው ተሳፋሪዎች ሲጨቃጨቁ አውቶቡሱን አቁሞ እስኪታረቁ ድረስ አልነዳም ብሎ ያውቃል፤ አለቆቹ ተቆጥተውታል። ስልኩን ተቀበለኝና ሰላም አለው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ወንድሜ። አባትህ ዘንድ ራስህ ሄደህ ነበር ወይስ ሰው ልከህ ነው የነገርካቸው?»

«ሠራተኞች ልኬ ነው። እኔ… አፈርኩ።»

«እሳቸውስ አላፈሩም? በጎረቤት ፊት ሠራተኛ መጥቶ ሽንት ቤትህ ሰው ገደለ ሲላቸው? መጀመሪያ ራስህ ሂድ። ነገ ከሄድክ እዚያ ሆነህ ደውልልን። ዐረብኛ ይችላሉ?»

«ይችላሉ። ጅዳ ብዙ ተመላልሰዋል።»

«እኔም ጅዳ ነው ያደግኩት» አለ ባለቤቴ፤ ነገሩ በዚህ ብቻ ያለቀ ያህል ፊቱ በራ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ደወሉ። ሽማግሌው ነጭ ቆብ አድርገው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ከጎናቸው፣ ግን ራቅ ብሎ፣ መሬት መሬት እያየ ቆሟል። ባለቤቴና ሽማግሌው መጀመሪያ ስለ ጅዳ ወደብ፣ ስለ ዓሣ ገበያው፣ ስለ ጥንቱ ሙቀት አወሩ። እኔ ትዕግሥቴ እያለቀ ክርኑን ነካሁት። «ቆይ፣ ሽምግልና እንደዚህ ነው» አለኝ ባማርኛ።

ቆይተው ሽማግሌው ራሳቸው ጀመሩት። ባለቤቴ እየሰማ ይነግረኝ ነበር።

«የሽንት ቤቱን ጉድጓድ በእጄ ነው የቆፈርኩት ይላሉ። ባለቤታቸው ጉልበቷ ከድቷት ራቅ ብላ መሄድ ስላቃታት፣ ከመኝታዋ አጠገብ እንዲሆንላት ብለው። አሁን ድፈን ሲሏቸው እሷ የት ትሂድ? ይኼን ማንም አልጠየቀኝም ይላሉ።»

እውነታቸውን ነበር። እኛ የጠየቅነው ስለ ጉድጓዱ ብቻ ነው፤ ጉድጓዱን ማን እንደሚጠቀምበት አልጠየቅንም።

«እንዲህ በላቸው» አልኩ። «የድሮው አይደፈንም፣ አዲሱ ሳይተከል። ፍሳሽ የማያሳልፍ የተዘጋ ታንክ አለን። ከመኝታቸው አጠገብ፣ እንዲያውም አሁን ካለው በቀረበ ቦታ ይተከላል። ሲሞላ መኪና መጥቶ ይመጠዋል። እሳቸው አዲሱን ሲጠቀሙበት ውለው ደህና ነው ካሉ በኋላ ብቻ ነው የድሮው የሚደፈነው።»

ባለቤቴ ተረጎመላቸው። ሽማግሌው ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው አዩኝ።

«ይቺ ሴት ማን ናት?»

«ባለቤቴ ናት፣ አባቴ። የናንተን ውሃ ከዚህ ሆና የምትጠብቀው እሷ ናት።»

«ጾም ውላ፣ ሎንደን ተቀምጣ፣ የምታወራው ስለ እኔ ሽንት ቤት ነው?»

«አሥር ቀን ሆናት፣ አባቴ። እኔ ቤት ሌላ ወሬ የለም።»

ሽማግሌው ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ። ልጃቸው ውሃ ይዞ ሊያቀርብላቸው ጎንበስ ሲል ጾማቸው ትዝ አለውና ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ። አባትየው እጁን ያዙት። ከዚያ በቋንቋቸው የተባባሉትን ማንም አልተረጎመልኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ባለቤቴ ስልኩን ቀስ አድርጎ ገለበጠው።

ታንኩ በሳምንቱ ተተከለ። እናትየው ተጠቅመውበት፣ ደረጃው ዝቅ ይበልልኝ ብለው፣ ዝቅ ተደረገላቸው። ከዚያ የድሮው ጉድጓድ ተመጦ፣ ኖራ ተደፍቶበት ተደፈነ። የመጀመሪያውን አካፋ አሸዋ የጨመሩት ሽማግሌው ናቸው አሉኝ። ጎረቤት ሁሉ ቆሞ አይቷል።

ኢድ ግን በተራ ውሃ ነው ያለፈው። የምርመራው ውጤት አንዴ ጥሩ ሲሆን ባለሥልጣኑ «አሁን ክፈቱ» አለ። ውጤቱ ደጋግሞ ጥሩ ካልመጣ አንከፍትም አልኩት። ሰዉ ለበዓሉ ልብሱን ባሕር ዳር አጠበ፣ ለሶላት የሚታጠበውን ውዱእ በጥቂት ውሃ አደረገ። ቅሬታው ብዙ ነበር፤ ሁሉም በሥራ አስኪያጁ ላይ ነበር የሚወርደው። እሱ ደግሞ አንድም ቀን «ልክፈተው» ብሎ አልጠየቀኝም። የበዓሉ ዕለት እኔ ለሶላት ወጥቼ ስመለስ ደውሎ እንኳን አደረሰሽ አለኝና፣ «ክሊኒኩ ዛሬ አንድ ታማሚ ሕፃን ብቻ ነው ያለው። እሷም እየጠባች ነው» አለኝ። ከባቡር ጣቢያው ወጥቼ መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። አንዲት ጃማይካዊት ጎረቤቴ አይታኝ «ምን ሆነሽ?» ብላ ትከሻዬን ያዘችኝ። ደህና ነኝ፣ ደስታ ነው አልኳት።

ምርመራው ተደጋግሞ ንጹሕ ሲመጣ የምሥራቁ ጉድጓድ ተከፈተ። ስንከፍተው ማንም ከሚኒስቴሩ አልደወለም።

ውላችን አልታደሰም። ምክንያቱን በግልጽ የነገረን የለም፤ እኛም አልጠየቅንም። አለቃዬ ወሬውን ሲነግሩኝ የምከፋ መስሏቸው ነበር። በቀጥታ ወደ ሥራዬ ስመለስ ግራ ገባቸው። እኔ የተናደድኩበት ሌላ ነገር ነበር። ሥራ አስኪያጁ በጉድጓዶቹ ዙሪያ ያሉትን የቀሩትን ሽንት ቤቶች ሁሉ በተዘጋ ታንክ ሊያስቀይር ጀምሮ ነበር፤ እኛ ከወጣን ማን ይረዳዋል ብዬ ነው። እሱ ግን አልተደናገጠም።

«እህቴ፣ አሁን ሥራው ቀሎኛል» አለኝ። «የአባቱን ጉድጓድ የደፈነ ሰው በሩን ሲያንኳኳ፣ ማን እንቢ ይላል?»

እውነቱን ነበር። ያን ዓመት አንድ በአንድ እያንኳኳ ሁሉንም አስቀየረ። ሲቸግረው ይደውልልኛል። ደሞዝ የማይከፈልበት ሥራ ነው፤ ባለቤቴም አብሮኝ ይሰማል፣ አንዳንዴ ከኔ በላይ ይመክራል።

ባለፈው ወር አለቃዬ ሌላ ሥራ ይዘው መጡ። ሌላ ደሴት ናት፣ ሩቅ፣ ካርታ ላይ ፈልጌ ያገኘኋት። ውድድሩ ውስጥ እንግባ ወይስ አንግባ ብለው ጠየቁኝ። መሐንዲሶቹ ስለ ፓምፕና ስለ ቧንቧ የጻፉትን ሁሉ ሰጡኝ። ገለጥ ገለጥ አድርጌ አስቀመጥኩት።

«እንግባ» አልኳቸው። «ግን ፓምፑን ይተዉትና መጀመሪያ ሽንት ቤቶቹ የት የት እንዳሉ፣ ማን እንደሚጠቀምባቸውም ይጠይቁልኝ።»